አልባኒያ መቼ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ከጣሊያኗ ወደብ ከባሪ በመርከብ አልባኒያ ተሻግሬ ተራራውን አቋርጬ ከቴት መንደር ወደ ቫልቦና መንደር በእግር መሄድ አስቤያለሁ። መቼ ይሻላል? ምን ልያዝ? እህታችሁ ከሮም

መልስ፦ እህቴ፣ ሴፕቴምበርን ምረጪ። ጁላይና ኦገስትም መንገዱ ክፍት ነው፤ ግን ታች ቆላው ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ባሕር ዳርቻውም በሰው ይጨናነቃል። እኔ ሜይ መጨረሻ ላይ ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ። ታች ሽኮደር ከተማ ላይ በቲሸርት ቡና ስጠጣ ቆይቼ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የተራራ መተላለፊያ ስደርስ በረዶው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። በስኒከር! ካልሲዬ እስከ ማታ አልደረቀም።

እግርሽ የለመደው፣ ሶሉ የማያንሸራትት ቡትስ አድርጊ። አዲስ ጫማ እንዳትሞክሪ፤ ቁልቁለቱ ጥፍር ያስነቅላል። የዝናብ ጃኬት፣ ለማታ ሹራብ፣ ትርፍ ካልሲ ያዢ። ጂንሱን ተይው፣ ከራሰ ራሰ ነው። የአልባኒያ ገንዘብ ሌክ በጥሬው ይኑርሽ፤ ተራራ ላይ ካርድ ብዙም አትመኚ። ጃንጥላ? ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ እዚያው ሮም ይቅር።