«ጊት የሚችል» የሚለው መስፈርት አያስደንግጥሽ

ደብዳቤሽ የቆየ ቁስሌን ነካው። ቋንቋ ተምረሻል፤ የቴክኒክ ጸሐፊ የሚፈልግ ማስታወቂያ አይተሽ «ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚከታተል ፕሮግራም) የሚችል» የሚለው ላይ ስትደርሺ ገጹን ዘጋሽው። ወንድምሽም «ክፍያውን እኔ እችላለሁ፣ መጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ተማሪ» አለሽ።

ወንድምሽ ደግ ሰው ነው፤ ግን ተሳስቷል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው ራሱ ለጀመረው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ሊነክስ) ኮድ ነው፤ መሣሪያው ግን ኮድና የመመሪያ ዐረፍተ ነገር አይለይም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል፣ በቃ።

እኔም ጸሐፊ ነበርኩ። ፋይሎቻችን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይባሉ ነበር። አንድ ቀን መሐንዲሱ ያረመው ቁጥር አንደኛው ፋይል ውስጥ ቀርቶ አሮጌው ቅጂ ለደንበኛ ሄደ። ማን የቱን እንደላከ ለማወቅ ሁለት ቀን ኢሜይል ስናገላብጥ ከረምን። ጊትን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በንዴት።

አንቺ በንዴት አትማሪው። ራስሽ የጻፍሽውን አንድ መመሪያ ወስደሽ በማርክዳውን (ቅርጹ በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ ተራ ጽሑፍ) አስቀምጪው። የዎርድ ፋይልም ጊት ውስጥ ይገባል፤ ግን የታመቀ ስለሆነ «ተቀይሯል» ከማለት አልፎ የቱ ቃል እንደተቀየረ አይነግርሽም። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በየራሱ መስመር ጻፊ። አለበለዚያ አንዲት ሰረዝ ስትነኪ አንቀጹ በሙሉ የተቀየረ ይመስላል። ኮሚት ስታደርጊ (ለውጡን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ስትመዘግቢ) «ተስተካክሏል» ብለሽ አትለፊ፤ «ደረጃ 4 ላይ የጎደለው ማስጠንቀቂያ ተጨመረ» በይ። ከዚያ ብራንች (ዋናውን ሳትነኪ የምትሠሪበት ቅርንጫፍ)፣ ፑሽ (ሥራሽን ወደ ጋራ ማከማቻው መላክ)፣ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤ ዋናው ውስጥ ይግባ» ብሎ መጠየቅ)።

ሁሉም የሚፈራው መርጅ ኮንፍሊክትን ነው። ሁለት ሰዎች አንድ መስመር ነክተዋል ማለት እኮ ነው። ጊት ሁለቱንም ጽሑፍ ከፊትሽ አስቀምጦ «የቱ ይሁን?» ይላል። ይሄ የአርታኢ ሥራ ነው፤ ከብዙ ፕሮግራመር አንቺ ትሻያለሽ።

የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ) ሰነድ መጻፍ ከፈለግሽ ኮድ ማንበብ ይጠቅምሻል፤ እሱ ሥራ ላይ ሆነሽ ይደረስበታል። ሰርተፍኬት? ተይው። ክፍት ምንጭ በሆነ (ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ) አንድ ፕሮጀክት ሰነድ ላይ ስህተት አርመሽ ተቀባይነት ካገኘ፣ ሊንኩን ማመልከቻሽ ላይ አድርጊው። ዕድሜሽ 31 መሆኑን ለምን እንደጻፍሽልኝ አልገባኝም።

ማስታወቂያው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል ብለሻል። ለዚህ ሁሉ ይበቃል፤ አመልክቺ።