ለሻንሶንና ለካባሬት ኮንሰርት ጥያቄሽ፦ ሂጂ፣ ግን የሦስት ዘፈን ግጥም አንብበሽ

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሥራ ባልደረባሽ ትርፍ ትኬት ሰጥታሻለች። አንዲት ድምፃዊት ከስትሪንግ ኳርቴት (አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች) ጋር ሻንሶን የሚባሉትን የድሮ የፈረንሳይ ዘፈኖችና የበርሊን ካባሬት (የመጠጥ ቤት መድረክ) ዘፈኖችን ትዘፍናለች። አንቺ ፈረንሳይኛ አትችዪም፤ ጀርመንኛሽም «የቢሮ ጀርመንኛ» ነው። እንቅልፍ ቢወስደኝስ? ምን ልልበስ? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ነው ያልሽው።

ሂጂ። እኔም እዚሁ ጀርመን እንዲህ ያሉ ምሽቶች ሲኖሩ አልቀርም። ግን ባዶሽን አትሂጂ፤ አስቀድመሽ የሦስት ዘፈን ግጥም አንብቢ። ትርጉማቸው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ዋናው ምክሬ ይኸው ነው።

ለምን ግጥሙ? የእነዚህ ዘፈኖች ዜማ አብዛኛው ቀላል ነው። ሥራውን የሚሠራው ቃሉ ነው። የተወለዱትም ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ነው። ፓሪስ ሞንማርትር ላይ «ሻ ኗር» የሚባለው ካባሬት በ1881 ሲከፈት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሰው እየጠጣ ገጣሚና ዘፋኝ የሚሰማበት ቤት ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ኤሪክ ሳቲ ሳይቀር ፒያኖ ተጫውቶበታል። በርሊን በ1901 ተከተለች። እዚያ ሳንሱሩ ጠበቅ ያለ ስለነበር ነገሩ በደንብ የተለቀቀው ካይዘሩ (የጀርመን ንጉሠ ነገሥት) ከወረደ በኋላ በ1920ዎቹ ነው። ያኔ ያልተነካ የለም፤ ፖለቲከኛው፣ ባልና ሚስቱ፣ ሀብታሙ። የኛን አዝማሪ ቤት ብታስቢ ብዙ አትርቂም። ብቻ አዝማሪው አንቺን አይቶ እዚያው ይገጥምልሻል፤ እዚህ ግጥሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከጎንሽ የተቀመጡት ብዙዎቹ በቃላቸው ይዘውታል። ሳታነቢ ከሄድሽ ሁሉም ሲስቅ አንቺ ፕሮግራም ወረቀቱን ስታገላብጪ ነው የምታመሺው።

አሁን ወደ ኳርቴቱ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚል)፣ አንድ ቼሎ (በጉልበት መሀል የሚያዘው ትልቁ)። ከበሮ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ አኮርዲዮን የለም። ዘፈኖቹ መጀመሪያ ለነዚህ አራት መሣሪያዎች ስላልተሠሩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና ያቀናብራቸዋል። ምሽቱን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነው። ቼሎ ተጫዋቹን ተመልከቺ። ቀስቱን ትቶ ክሩን በጣቱ መንካት ሲጀምር የቤዙን (የወፍራሙን ድምፅ) ሥራ ተረከበ ማለት ነው። ቪዮላው በመሀል በመሀል አጫጭር ምት ይሞላል። አኮርዲዮኑ ይጫወተው የነበረውን ዜማ የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ትወስደዋለች። ፊት ለፊት ቆሞ የሚመራ ሰው የለም። ዘፈኑ ሊጀመር ሲል ቫዮሊኒስቷ ባፍንጫዋ አየር ስትስብ፣ ቀረብ ብለሽ ከተቀመጥሽ ይሰማሻል። ምልክቱ ያቺ ትንፋሽ ናት፤ ሦስቱም አብረው ይገባሉ።

ከበሮ ስለሌለ ደግሞ ድምፃዊቷ እንደልቧ ናት። አንዱ ቃል ላይ ትቆያለች፣ ቀጣዩን መስመር እንደ ወሬ ታወራዋለች፣ ድንገት ዝም ትላለች። አራቱ ቀስታቸውን አንሥተው ይጠብቋታል። በማይገባሽ ቋንቋም ቢሆን ይህን እያየሽ እንቅልፍ የሚወስድሽ አይመስለኝም።

ፕሮግራሙን አላየሁትም፤ ግን ከሚከተሉት ቢያንስ አንዱ አይጠፋም።

የዣክ ብሬል «ነ መ ኪት ፓ» አለ፣ «አትተዪኝ» እንደማለት። የ1959 ዘፈን ነው። ብሬል የቤልጅየሟ የብራስልስ ልጅ ነው፤ ብዙ ሰው ፈረንሳዊ ይመስለዋል። ዘፈኑንም ብዙ ሰው የፍቅር ዘፈን ይለዋል። ብሬል ራሱ ግን ስለ ወንዶች ፈሪነት ነው የጻፍኩት ብሏል። ግጥሙን ስታነቢ ይገባሻል። ሰውዬው ሲለምን እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የሴትየዋ ውሻ ጥላ ልሁን እስከማለት ይደርሳል። ጎበዝ አቀናባሪ እዚህ ጋ ቫዮሊኖቹን ጸጥ ያደርጋቸዋል። ያልበሰለው ደግሞ እዚሁ ጋ ማር ያፈስበታል።

ሌላው በእንግሊዝኛ «ማክ ዘ ናይፍ» ሲባል የምታውቂው ነው። ግጥሙ የበርቶልት ብሬሽት፣ ዜማው የኩርት ቫይል። በርሊን ላይ በኦገስት 1928 «የሦስት ግሮሽን ኦፔራ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር ሲከፈት ነው የተሰማው። ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ዜማው ግን እግር ያስነሳል። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ መድረክ ላይ የዘፈነው ኩርት ጌሮን አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች በ1944 አውሽቪትዝ በሚባለው የሞት ካምፕ ገደሉት። ቫይልም በ1933 ወደ ፓሪስ ሸሽቷል። እንደኔ እንደኔ ይህ ዘፈን በኳርቴት ይጎድለዋል። መጀመሪያ የተጫወተው ባንድ 7 ሰው ነበር፤ ሳክስፎንም ባንጆም ነበረው፣ ሻካራ ድምፅ ነው የሚያምርበት። ቫዮሊን ያለሰልሰዋል። ቫይል ፓሪስ ሆኖ የሠራው «ዩካሊ» ግን ለቼሎ የተፈጠረ ይመስላል። ታንጎ ነው። የተመኙት ሁሉ ስለሚገኝባት ደሴት ያወራል፤ መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ያለች ደሴት የለችም ይላል። ለስደተኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁሉም በፊት ግን የባርባራን «ጎቲንገን» አንብቢ። ባርባራ በ1930 ፓሪስ የተወለደች አይሁዳዊት ዘፋኝ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጅ ሆና ከቦታ ቦታ እየተደበቀች ተረፈች። በ1964 ጎቲንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ያለ ትንሽ ቴአትር ጋበዛት። ጀርመን መሄድ አልፈለገችም። በመጨረሻ ግራንድ ፒያኖ (አግድም የተዘረጋው ትልቁ) ከተዘጋጀልኝ እሺ አለች። ስትደርስ መድረኩ ላይ የቆመው ተራ ፒያኖ ነው። ፒያኖ አጓጓዦቹ ደግሞ አድማ ላይ ናቸው። በዚህ አልዘፍንም ብላ እምቢ አለች። ተማሪዎች ተሯሩጠው ካንዲት አሮጊት ቤት ግራንድ ፒያኖ ተሸክመው አመጡላት። ኮንሰርቱ ሲጀመር በጣም መሽቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እሷም ቆይታዋን አራዘመች። ከመሄዷ በፊት በቴአትሩ ግቢ አትክልት ቦታ ተቀምጣ ዘፈኑን ጻፈችው።

የሚለው ነገር ቀላል ነው። ጽጌረዳው እዚህም ያምራል፤ ልጆች ፓሪስም ጎቲንገንም ያው ልጆች ናቸው። በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ አገሮች መታረቃቸውን ለማሳየት የሚጠቀስ ዘፈን ሆነ። የያኔው የጀርመን ቻንስለር ጌርሃርድ ሽሮደር የኤሊዜ ውል (የፈረንሳይና የጀርመን የወዳጅነት ውል) 40ኛ ዓመት በ2003 ቬርሳይ ላይ ሲከበር በንግግሩ አንስቶታል። አዳራሹ ውስጥ ጠና ያሉ ሰዎች ካሉ ይህ ሲዘፈን መሐረብ ሲያወጡ ታያለሽ። ባርባራ በጀርመንኛም ዘፍናዋለች። ቃላቱ የጀማሪ ክፍል ቃላት ስለሆኑ የቢሮ ጀርመንኛሽ ይበቃዋል።

የፈረንሳዊቷ ዘፋኝ የኤዲት ፒያፍ ዘፈንም ይኖራል፣ አትጠራጠሪ። ስለሷ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቃታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ድምፃዊቷ «ር»ን እያንከባለለች ፒያፍን ለመምሰል ከሞከረች ጠርጥሪ። ጥሩዎቹ በራሳቸው ድምፅ ነው የሚዘፍኑት።

ልብሱን በተመለከተ አትጨነቂ። ንጹሕ ጂንስና ደህና ሹራብ ይበቃል። ኮትና ትልቅ ቦርሳ ጋርደሮቡ (የኮት ማስቀመጫው) ላይ ስለሚቀር ዝርዝር ሳንቲም ያዢ። አብሮ ማዜም አልተለመደም። ዘፈን ሲያልቅ ቀስቶቹ እስኪወርዱ ጠብቂና አጨብጭቢ። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ጭብጨባው እኩል፣ በምት ይሆናል። ያኔ ኮት ለማውጣት እንዳትሮጪ፤ ጭማሪ ዘፈን አለ ማለት ነው። አንዳንዴ የምሽቱ ምርጥ የሚዘፈነው ያኔ ነው።

ትኬትሽ ላይ «ፍራዬ ፕላትስቫል» የሚል ካለ የወንበር ቁጥር የለውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም በይ። ብዙ ጊዜ ቼሎው ወይም ቪዮላው ከመድረኩ በስተቀኝ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ ግራ ጠጋ ብለሽ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረድፍ ብትይዢ ጣቶቻቸውንም የድምፃዊቷንም ፊት ታያለሽ። ድምፅ ማጉያ ካቆሙ ግን ፊቱ አትቀመጪ፤ ያቺን የቫዮሊኒስቷን ትንፋሽ ይውጥብሻል።