ሸራውን ከመፈተግህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የማይክሮላይትህ፣ የዚያች ቀላል ትንሽ አውሮፕላንህ፣ ክንፍ ፊት ለፊቱ ላይ ነፍሳት ደርቀውበታል፣ ከስር ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበታል። «በፕሬዠር ማሽን ልጠበው ወይስ በረኪና ልጠቀም?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም ተዋቸው። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱን ካወቅክ ሌላውን ራስህ ትደርስበታለህ።

እንዳንተ ያሉት ተጣጣፊ ክንፎች አብዛኞቹ የሚሰፉት ዳክሮን ከሚባለው የፖሊስተር ሸራ ነው። ሸራው ጥቅጥቅ ብሎ ይሸመንና ሬዚን በሚባል ሙጫ መሰል ማጠንከሪያ ይታከማል። ቅርጹን ይዞ የሚቆየውና አየር የማያሳልፈው በዚህ ሬዚን ጭምር ነው። ስለዚህ ስታጥብ የምትነካው ክሩን ብቻ አይደለም። ሸራውን በሻካራ ብሩሽ ብትፈትገው ቆሻሻው ይለቃል፣ ሬዚኑም አብሮት ይሄዳል። ያን ቀን ክንፉ አምሮ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል፣ እየላላም ይመጣል።

ፕሬዠር ማሽኑ ውሃውን በስፌት ቀዳዳ፣ በጥገና ልጣፍ ጠርዝና በባተን (ሸራውን ቅርጽ በሚያስይዙት ቀጫጭን ዘንጎች) ኪሶች ውስጥ ይነዳዋል። የገባው ውሃ በቀላሉ አይወጣም። በረኪናው ደግሞ አልሙኒየም ይበላል። ሸራው ውስጥ ያለው አጽም አልሙኒየም መሆኑን አትርሳ። ከላይ ያጠብክ እየመሰለህ ውስጥ ያለውን ቱቦ ታስበላዋለህ። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚንም ያው ናቸው፤ የልጣፉን ማጣበቂያና ሬዚኑን ያበላሻሉ። የልብስ ዱቄት ሳሙናም አልወድም። ጠንካራ አልካሊ ለፖሊስተርም ለአልሙኒየምም አይስማማም።

እኔ የምጠቀመው ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ ነው። በቃ። መጀመሪያ ሳትነካው ውሃ ብቻ አፍስስበት፣ አሸዋውና አቧራው ይውረድ። አቧራ ባለበት ስፖንጅ ካስኬድክ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። ከዚያ ሳሙናውን ቀስ ብለህ አሽ፣ ከዚያም ሳሙና እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቅ። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። ስፌት ውስጥ የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፣ ስለዚህ ከማጠቡ ይልቅ ለማለቅለቁ ብዙ ውሃ አውጣ።

የደረቁትን ነፍሳት አትፋቃቸው። እርጥብ ጨርቅ ደርብባቸውና ተዋቸው። ሲርሱ በእጅህ ይነሳሉ። ከበረራ እንደተመለስክ ወዲያው ብትጠርጋቸው ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። የፊት ጠርዙን ንጹህ ማድረግ ለውበት ብቻ አይደለም። የአየሩ ፍሰት ከሁሉም በላይ የሚረበሸው እዚያ ጋ ነው።

ወደ ጥቁሩ ነጠብጣብ ስንመጣ ነገሩ ሻጋታ ይመስለኛል። ፖሊስተር እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ሻጋታው የሚመገበው ሸራው ላይ የተቀመጠውን ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ብቻውን ክንፉ ደክሟል ማለት አይደለም። ግን አንድ ነገር ይነግርሃል፦ ክንፉ እርጥብ እንዳለ ታጥፎ ተቀምጧል። በሳሙናና በውሃ የሚለቀው ይልቀቅ፣ የቀረው ቀለም ይቅር። ነጭ ሸራ እንደ አዲስ ነጭ ይሁን ብሎ የሚሟገት ሰው ሸራውን ይጨርሰዋል።

ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጣል። ዚፖቹን ክፈት፣ ባተኖቹን አውጣ፣ ክንፉን ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ዘርጋው። የላይኛው ፊት ደረቀ ብለህ አትታለል። ድርብ ሸራ ባለው ክንፍ ውስጥ ውሃው ወደ ኋላ ጠርዝ ወርዶ ይጠራቀማል። አፍንጫውን ከፍ፣ ጭራውን ዝቅ አድርገህ አፍስሰው። ውስጡ ውሃ የቀረበትን ክንፍ ይዘህ ብትነሳ ሚዛኑ ይለወጥብሃል። ላዩ ላይ የተንጠባጠበ ዝናብም ቢሆን ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበትን ፍጥነት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ክንፍ ይዘህ አትነሳ።

ባሕር አጠገብ የምትበር ከሆንክ ደግሞ ጨው አለ። የጨው ቅንጣት ሸራውን ይፈገፍጋል፣ ቱቦውንና የብረት ገመዱንም ያዝጋል። ውጭውን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም በንጹህ ውሃ አለቅልቀው።

አሁን ያልጠየቅከውን ልንገርህ፤ ዋናው እሱ ነውና። ክንፍን የሚገድለው ቆሻሻ አይደለም፣ ፀሐይ ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ፖሊስተሩን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። በዓይን የምታየው ብዙ ለውጥ ላይኖር ይችላል። ታጥቦ የሚያበራ ክንፍ ሸራው ሊሞት ደርሶ ሊሆን ይችላል። የስፌቱ ክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሸራው ቀድሞ ይሄዳል፣ ከሸራው በላይ ተጋልጦ ስለሚቀመጥ።

ስለዚህ ማጠቢያ ቀንህን መፈተሻ ቀን አድርገው። ስፖንጁን በያዝክበት እጅ ስፌቱን ሁሉ ተከተል። ክሩን በጥፍርህ ቀስ ብለህ ቧጨር አድርገው። ቢነጫጭ ወይ ቢበጠስ መብረሩን ተወውና ባለሙያ አሳየው። የባተን ኪሶቹን ጫፍ፣ ሸራው ቱቦ የሚነካበትን ቦታ፣ ልጣፎቹንም እይ። የባተኑ ጫፍ ሻካራ ከሆነ ኪሱን ከውስጥ ይበላዋል። ቀዳዳ ወይም የተላላጠ ቦታ ብታገኝ በአምራቹ መመሪያ ይጠገን። ሸራው ግን መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ላይ ልጣፍ አይይዝም።

ስለ ጥንካሬው እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ቤትሶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ቀጭን መርፌ ሸራው ውስጥ ይገባና በስፕሪንግ ሚዛን ይሳባል። ሸራው አምራቹ ያስቀመጠውን ጉልበት ሳይቀደድ ከቻለ አልፏል። የሚለካው በተለይ ፀሐይ በሚበዛበት የላይኛው ፊት ነው፣ ስፌቱም ይለካል። ይህን ግን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ይስራልህ። ያለቦታው ብትወጋው ጉዳት ነው።

ከፀሐይ መከላከያው ርካሽ ነው፦ ከበረራ በኋላ ሀንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ)፣ ሀንጋር ከሌለ ብርሃን የማያሳልፍ ልባስ። ልባሱ ደግሞ እርጥብ ክንፍ ላይ አይጎተት፣ ታፍኖ ይሻግታል። «ከፀሐይ የሚጠብቅ» እየተባለ የሚሸጠውን ስፕሬይ በተመለከተ የክንፉ አምራች ከፈቀደ ብቻ ተጠቀም። አንዳንዱ ቅባት ትቶ አቧራ ሲሰበስብ አይቻለሁ። የመኪና ሰም ግን ጨርሶ አይሞከርም።

ያልኩህ ሁሉ ለዳክሮን ሸራ ነው። ክንፍህ በሙቀት ተወጥሮ በቀለም የተሸፈነ ጨርቅ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ጨርቁን ከጨረር የሚጠብቀው ቀለሙ ራሱ ስለሆነ ስንጥቅ ፈልግ። ከስር ያሉት የውሃ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎችም እንዳይደፈኑ። የክንፍህን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ጻፍልን፣ የስፌቱንም ፎቶ በቅርብ አንስተህ ብትልክልን ነጠብጣቡን ከነምክንያቱ አብረን እናየዋለን።