ኢሚዩኖቴራፒ «ጨርሻለሁ» ማለቴ ሊገድለኝ ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቅኩ መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን የሚያስመታ ሕክምና) ከጨረሰ 4 ወሩ ነው፣ ስካኑ ንጹሕ ነው፣ ግን ከአልጋ መነሳት አቅቶታል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ሲቆም ያዞረዋል። ክሊኒኩ ደግሞ «ሕክምናው አልቋል፣ ድካም ነው» ይላችኋል። ቁርጥ የእኔ ታሪክ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ኡበር ነጂ ነኝ። ግን በዚህ ጉዳይ ያልተንገላታሁበት በር የለም።

1. ዛሬውኑ ደውይና የኮርቲሶል የደም ምርመራ ይታዘዝለት በይ። ኮርቲሶል ሰውነት ሕመምና ጭንቀት የሚቋቋምበት ሆርሞን ነው። የሚቀዳው ጠዋት ነው፣ በእኛ 2 ሰዓት ገደማ። ከሰዓት በኋላ ከተቀዳ ቁጥሩ ያሳስታል። ሶዲየም፣ ስኳርና ታይሮይድም አብረው ይታዩ። የታይሮይዱ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) ብቻ እንዳይሆን፣ ፍሪ ቲ 4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው) ይጨመርበት። ችግሩ ትእዛዙን ከምትልከው፣ ጭንቅላት ውስጥ ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ከሆነ ቲኤስኤች ደህና መስሎ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ከተዘባረቀበት፣ ራሱን ከሳተ ወይም ማስታወኩ አልቆም ካለ ግን ቀጠሮ የለም፣ 911 ነው።

2. «ኬሞ» የምትለዋን ቃል እርሷት። እኛ ሐበሾች የካንሰር መድኃኒት ሁሉ ኬሞ ነው የሚመስለን። እኔ አንድ ኩላሊቴ ከወጣ በኋላ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ 17 ጊዜ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ወሰድኩ። ኬሞ አንዲት ጠብታ አልገባብኝም። የመጨረሻው ጥቅምት ላይ ነበር። ደወል አስደወሉኝ፣ ቤት ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተገላገልኩ ብዬ ሥራ ገባሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ድካሙ መጣ። ጾሙ ነው አልኩ። ባለቤቴ «ስንት ዓመት ስትጾም እንዲህ ሆነህ አታውቅም» ብትለኝ አልሰማኋትም። ሱሪዬ ይወልቅ ጀመር። ካንሰር ሐኪሜ ጋ ስደውል ስልክ የምታነሳዋ ሴት «ሕክምናህ አልቋል፣ የቤተሰብ ሐኪምህን ጠይቅ» አለችኝ። የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፣ «ይሄ የካንሰር ሐኪምህ ጉዳይ ነው»። እንደ ቀበሌ መታወቂያ 3 ሳምንት አመላለሱኝ። ሴትዮዋ ስሜን እንኳ ተናግሬ ሳልጨርስ ነበር የምትዘጋው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ማስታወክ ጀመርኩና ኢመርጀንሲ ሄድኩ። አስተርጓሚ በነጻ እናቅርብልህ አሉኝ። ኩራት! «20 ዓመት የኖርኩበት አገር» ብዬ እምቢ አልኩ። «አሁን የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ምንም። «ካንሰርህስ?» ኬሞ ነበር፣ ጨርሻለሁ። እነሱም አመኑኝ። የሆድ ቫይረስ ነው ብለው ግሉኮስ ሰጥተው፣ ውኃ በደንብ ጠጣ ብለው ሸኙኝ። እኔም አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ ብዬ ስጋት ስላለብኝ ጋሎን ሙሉ ውኃ ጠጣሁ። ለካ ሶዲየሜ ወርዶ ነበርና ውኃው ጭራሽ አባሰው።

በ2ኛው ቀን ሌሊት ባለቤቴን በእናቴ ስም ስጠራት ነቃች። በአምቡላንስ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ሶዲየሜ 118። አንድ ወጣት ሐኪም «ኬሞ ምን? ስሙን ንገሩኝ» ብሎ አፋጠጣት። የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝን የኢሚዩኖቴራፒ ካርድ ፍሪጅ ላይ ለጥፋው ነበር፣ ፎቶውም ስልኳ ላይ ነበር። አሳየችው። ኮርቲሶሌ ሲለካ ከ1 በታች። የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥሬ ገባ። ማታ ላይ ሽሮ አምጡልኝ አልኩ። በወር ውስጥ መጀመሪያ የተራብኩት ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬሞ ሴሉን ራሱ ይመታል። ይሄኛው ግን የሰውነታችንን ዘበኛ ነው የሚቀሰቅሰው። መድኃኒቱ ከደም ለመውጣት ወራት ይፈጃል፣ የነቃው ዘበኛ ደግሞ ከዚያም በኋላ አይተኛም። ሌባውን አባርሮ ሲጨርስ የቤቱን ሰው መደብደብ ሊጀምር ይችላል። የእኔን የኮርቲሶል ምርት ነው የመታው። ካቆሙ ከዓመት በኋላ የመጣባቸውም አሉ። ስለዚህ ዘመድ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ይዞ «በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል» ሲልሽ አመስግነሽ ተቀበይና አስቀምጪው። አቅም አልጎደለንም፣ በዛብን እንጂ! አክስቴ ይሄን እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም።

ቁጥሩን ረሳሁት፣ 3 ይሁን። ታይሮይዱም ኮርቲሶሉም ከወረዱ ቅድሚያ የኮርቲሶሉ ነው። የቤተሰብ ሐኪሙ የታይሮይዱን ክኒን ብቻ ሊያስጀምረኝ ነበር። የሆርሞን ሐኪሟ ሰምታ ደነገጠች። ኮርቲሶሉ ሳይተካ እሱ ከገባ ሰውን ሊጥል ይችላል። የሆርሞን ሐኪም ሪፈራል አሁኑኑ አስጽፊ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው።

የባለቤትሽ ሌላ ሊሆንም ይችላል፣ ይሄ ነገር የማይነካው ቦታ የለም። የማይቆም ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ ጥማትና ሽንት ማብዛት ካለው በዚያው ቀን ይታይ።

እኔ አሁን ኮርቲሶሉን የሚተካ ክኒን ጠዋት ስነሳ አንድ፣ ከሰዓት አንድ እውጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው ብለውኛል። ትኩሳት ከያዘኝ መጠኑን በታዘዝኩት መሠረት እጨምራለሁ። የንስሐ አባቴም ክኒንህን ዋጥ፣ ቁርስህንም ብላ ብለውኛል። በሳምንት 6 ቀን እነዳለሁ፣ ማንም የታመመ አይለኝም። እጄ ላይ የአድሬናል (ኮርቲሶል የሚያመርተው ዕጢ) ችግር እንዳለብኝ የተጻፈበት አምባር አለ። አዲስ አበባ ስሄድ ክኒኑን በእጅ ቦርሳ እይዛለሁ፣ ሻንጣ ይጠፋልና።

ለክፉ ቀን ደግሞ ቤት የሚቀመጥ 100 ሚሊግራም የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ሰጥተውናል። ባለቤቴ አወጋጉን ብርቱካን ላይ ነው የተለማመደችው። አንድ ሳምንት ሙሉ ብርቱካን በላን። የኮርቲሶሉ ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ ነው የማየው።