ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ሐምራዊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ታወሰኝ። 75 ጋሎን የዓሣና የኮራል ገንዳ፣ አራት አምፖል የሚይዝ ባለ 4 ጫማ ቲ5 (ቀጭን የፍሎረሰንት ዘንግ) መብራት፣ ከመብራቱ ጋር አብረው የመጡ ሁለት ነጭና ሁለት አክቲኒክ (ወይን ጠጅ) አምፖሎች። ዓሦቹ ደኅና ናቸው። ስትገዢያቸው አረንጓዴና ሐምራዊ የነበሩት ኮራሎች ግን ቡናማ ሆነዋል፤ ገንዳውም ደብዝዞብሻል። «የትኛውን የአምፖል ቀለም ልግዛ?» ነው ያልሽው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በቤቴ ሳሎን ኮራል ማርባት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ 9ኙን ያሳለፍኩት በእነዚሁ አምፖሎች ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቡና ስትጠጪ ታነቢዋለሽ። ኤቲአይ ከሚባለው ፋብሪካ አምፖሎች ሁለት ብሉ ፕላስ (ሰማያዊ)፣ አንድ ኮራል ፕላስ (ነጭ)፣ አንድ ፐርፕል ፕላስ (ሐምራዊ)። ሰማያዊ የበዛበት ገንዳ የምትወጂ ከሆነ በፐርፕል ፕላሱ ቦታ ሦስተኛ ብሉ ፕላስ አስገቢ። የሌላ ፋብሪካ አምፖል ካገኘሽም ችግር የለም፤ የምትፈልጊው 450 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ የሚበረታ ሰማያዊ፣ ሁሉንም ቀለም የያዘ ነጭ እና ቀይ ያለበት ሮዝ ወይም ሐምራዊ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው የኬልቪን ቁጥር አያታልልሽ። እኔን ሁለት ጊዜ አታሎኛል። ቁጥሩ ብርሃኑ ለዓይን ምን እንደሚመስል በግምት ይናገራል እንጂ በውስጡ ምን ምን ቀለም እንዳለ አይናገርም። 10,000 ኬልቪን የተባሉ ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን ሲበሩ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ሲያደላ አይቻለሁ። ፋብሪካው የቀለሙን ሥርጭት በሥዕል ካወጣ እሱን ተመልከቺ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መንገድ ነበር። ከሕንፃ ዕቃ መደብር ለቢሮ የሚሆኑ 6,500 ኬልቪን አምፖሎች ገዝቼ ሰካሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሎቹ አልሞቱም፤ እንዲያውም አድገዋል። ነገር ግን እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ገንዳውን ትኩር ብላ አየችና «ልጄ፣ ይህን ውኃ መቼ ነው የምትቀይረው?» አለችኝ። የቀየርኩት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። በንዴት ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ፤ አራቱንም አክቲኒክ አደረግኳቸው። አሁን ደግሞ ባለቤቴ «ሳሎኑን መጠጥ ቤት አደረግኸው» አለች። እሷም አልተሳሳተችም።

አክቲኒክ የሚባለው 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ወይን ጠጅ ብርሃን ነው። ዓይናችን እዚያ ላይ ደካማ ስለሆነ አምፖሉ እየበራ ክፍሉ ጨለማ ይመስላል። ኮራሎች ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች ስላሏቸው በአክቲኒክ ሥር ያበራሉ፤ ሱቅ ውስጥ ልባችንን የሚሰርቀን ይህ ነው። ነገር ግን ከአራት አምፖል ሁለቱን ለእሱ መስጠት ለአንቺ ገንዳ ብክነት ነው። ስድስት ወይም ስምንት አምፖል ቢኖርሽ ኖሮ አንዱን ባልነፈግኩሽ። ብሉ ፕላስ ያንኑ ድምቀት እያሳየ ለኮራሉም ለዓይንም የሚተርፍ ብርሃን ይሰጣል።

ቡናማ ስለመሆናቸው ደግሞ፣ ጥፋቱን ሁሉ በቀለም ላይ አትጫኚ። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ተጠልለው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል። እነሱ በተፈጥሯቸው ወርቃማ ቡናማ ናቸው። ብርሃን ሲያንስ ወይም ውኃው ውስጥ አልጌ የሚመገባቸው ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙ ይበረክቱና የኮራሉን የራሱን ቀለም ይሸፍኑታል። ባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ሲዋጥ ሰማያዊው ጠልቆ ስለሚወርድ፣ አልጌዎቹ ሰማያዊውን በደንብ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሰማያዊ እናብዛ የምንለው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሮዙ ወይም ሐምራዊው አምፖል ግን በአብዛኛው ለእኛ ነው፤ ቀይ በሌለበት ብርሃን ቀይ ዓሣ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

የብርሃኑን መጠን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ፓር (ለአልጌዎቹ የሚጠቅመው የብርሃን መጠን) መለኪያ የሚያውስሽ ሰው ካለ ለአንድ ቀን ውሰጂ። ዩፊሊያና ዞአንተስ ለሚባሉት ኮራሎች ከ75 እስከ 150 ፓር ይበቃል። አክሮፖራ የሚባለው ኮራል ከ250 በላይ ይወዳል። አክሮፖራሽ ታች አሸዋው ላይ ከተቀመጠ፣ አምፖል ከመግዛትሽ በፊት ወደ ላይ አንሺው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። መብራትሽ ሁለት ገመድ ካለው፣ እያንዳንዱ ገመድ የትኞቹን ሁለት አምፖሎች እንደሚያበራ አንዱን ነቅለሽ እዪ። በአንዳንዱ መብራት ዳርና ዳር ያሉት አብረው ይበራሉ፤ በሌላው ጎን ለጎን ያሉት። ሁለቱን ብሉ ፕላስ በአንድ ገመድ ላይ አድርጊ። እነሱ በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ይብሩ፤ ነጩና ሐምራዊው ደግሞ መሐል ላይ ለ6 ሰዓት ያህል። የቦታ ምርጫ ካለሽ ነጩን ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት አቅርቢው፤ ከሶፋው ላይ ሆነሽ የምታዪውን የዓሣውን ጎን የሚያበራው የፊተኛው አምፖል ነው።

ሰዓት ቆጣሪውን ስትሞዪም ተጠንቀቂ። እኔ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ እንዲበራ ብዬ በሀበሻ ልማድ 5 ቁጥር ላይ አደረግኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳሎኑ ሰማያዊ ሆኖ ልጆቹን ቀሰቀሰ፤ ጥፋቴ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽና ላብቃ። አምፖሎቼን 18 ወር ካቃጠልኩ በኋላ አራቱንም በአንድ ቅዳሜ ቀየርኩ። አምፖል እያረጀ ሲሄድ ዓይን ሳያስተውለው ይደክማል፤ ኮራሎቹም ድካሙን ለምደውታል። ድንገት አዲስ ብርሃን ሲወርድባቸው ሁለት አክሮፖራ በሳምንት ውስጥ እንደ አጥንት ነጡ። አንዱ አራት ዓመት ያሳደግኩት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየ10 እስከ 12 ወሩ፣ ሁለቱን ቀይሬ የቀሩትን ሁለቱን አምፖሎች ከሦስት ሳምንት በኋላ እቀይራለሁ። አንቺም አሁን ዓይነቱን ስለምትለውጪ፣ መብራቱን አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መልሺው። መስቀያው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ነጩን በቀን ለ3 ሰዓት ያህል ብቻ ከማብራት ጀምሪ።

አሮጌዎቹን ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪ፤ ሜርኩሪ አላቸው። አንዱ ከተሰበረ መስኮት ክፈቺ፣ ልጆቹን አስወጪ፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ አትንኪው። በነገራችን ላይ በዚሁ በሜርኩሪው ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የተለመዱትን ቲ5 አምፖሎች ከገበያ እያስወጣ ነው፤ ለዓሣ ገንዳ የሚሠሩትም እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኙም። የሚቀጥለውን ዓመት አራት አምፖል አብረሽ ግዢ፤ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ አይደክምም።

ስታዝዢ ለ4 ጫማው መብራት 54 ዋት የሚለውን ምረጪ፤ 39 ዋት የሚለው ለ3 ጫማ ነው፤ አይገባልሽም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የዩፊሊያውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልን፤ በነጩ ብርሃን የተነሣ ይሁን እንጂ በሰማያዊው አይሁን፤ በሰማያዊ ሁሉም ያምራል።