ታፔላው ጋ ስትደርሱ ውረዱ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በመንገድ ቅየሳ ነው የጨረስኩት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል መቀሌ የሚገባውን አውራ ጎዳና በመኪናም በእግርም አውቀዋለሁ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። በዚያው መንገድ በአውቶቡስ ስሄድ ጣርማ በር ላይ ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ዋሻውን ይቀርጻሉ፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ዋሻው ግን ያልቅና ስልኩም ወደ ኪስ ይመለሳል። ማን ቆፈረው፣ ለምን ቆፈረው ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ የታሪክ ቦታና ታፔላ ጋ ስትደርሱ ምን እንደምትጠይቁ ልንገራችሁ።

ቆፋሪዎቹ በወረራው ዘመን የመጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ ስሙንም ለሙሶሊኒ ሰጥተውት ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ያ ገደል ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እኔ ብርዱን ስለማውቀው እዚያ ዶማ ይዞ የዋለውን ሰው አስባለሁ። ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው ያዘዘው ሰው ስም ነው፤ የፈለጠው ሰው ስም ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የመታሰቢያ ድንጋይ ስታዩ ስለ ማን እንደሚናገር ከማንበባችሁ በፊት ማን እንዳቆመውና መቼ እንዳቆመው ጠይቁ። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል የተመረቀውን የአራዳውን የምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ አንሥቶ ደብቆት ነበር፤ ነጻነት ሲመለስ ተመልሶ ቆመ። ሐውልት ሲነሣም ሲቆምም የዘመኑን ጌታ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን መርምሩ። በዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ብዙ ሰው ሲሳሳት ስላየሁ ነው። ከማይጨው አልፋችሁ አላጄን ስትወጡ የአምባላጌ ውጊያ የተካሄደበት ጋራ ከፊታችሁ ነው። ውጊያው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን፣ በዚያው በ1888 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ፣ በሦስት ወር ገደማ የሚለያዩ ናቸው። በፈረንጆች ግን አምባላጌ 1895፣ ዓድዋ 1896 ነው። ዝም ብሎ በሁሉም ላይ 8 የሚደምር ሰው አምባላጌን ወደ 1896 ይወስደዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ታፔላው ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ ቁጥሩን እንዳለ አትቀበሉት።

ቋንቋውንም እንዲሁ አስተውሉ። አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን መቻሉን ግዴታ አደረገው፤ በዚህም ሮማ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አወጀች። በአንድ ግሥ የተነሣ አገር ዘመተ። እኔ እዚያ ቦታ በቆምኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እናንተም በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ታፔላ ስታገኙ ሁለቱንም አንብቡ። አንዱ «ተሰዉ» ሲል ሌላው «ሞቱ» ብሎ የሚያልፍ አጋጥሞኛል።

ታፔላ የሌለበት ቦታ ደግሞ ይበልጣል። እዚያ ሽማግሌ ስታገኙ ስልክ ደግናችሁ «ታሪኩን ይንገሩን» አትበሉ፤ ሰው እንዲህ ሲባል አፉ ይያዛል። ሰላምታ ስጡ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ከዚያ «አባባ፣ ይህ ጋራ ስሙ ማነው? ያኛውስ ሸለቆ?» በሉ። የቦታው ስም ታሪኩን ይዞት ይመጣል። ከሚሴ ላይ በኦሮምኛ፣ ማይጨው ላይ በትግርኛ ጠይቁ፤ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። እናቶችንም አትለፏቸው፤ ለአርበኛው ስንቅ የቋጠሩት ሴቶች ናቸውና ያ ወሬ በእነሱ ቤት አለ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ገና ጎልማሳ ሳለሁ ወሎ ውስጥ አንድ መታጠፊያ ልናቃና ችካል ስንተክል፣ መስመሩ ከአንድ የድንጋይ ክምር ጋር ተገናኘ። ጽሕፈት የለበትም። ፕላኑ ላይ «የድንጋይ ክምር፣ የሚነሣ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡና፣ እዚያ ሦስት ሰዎች መቀበራቸውን፣ በጣሊያን ጊዜ መንገዱን ሊዘጉ ሲሉ የተገደሉ የሰፈሩ ልጆች መሆናቸውን ነገሩኝ። ስማቸውን ከነአባታቸው አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ሌላ መስመር ለመፈለግ ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር፤ የሥራው ቀን ገደብ አስፈራኝና እሺ፣ እናያለን ብዬ ሸኘኋቸው። ዶዘሩ በሳምንቱ መጣ።

የዚያን ጊዜውን የመስክ ደብተር እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ሽማግሌው ሲናገሩ በእጄ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የዚያ ዕለት ከፍታዎች በሙሉ፣ እስከ ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ በንጹሕ እጅ ተጽፈዋል፤ ከሦስቱ ስሞች ግን አንዱም የለም።