ኤስኤስዲው መጣ፣ መሰኪያው ግን የለም
የአንባቢዎች የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው፣ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ከወር በፊት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ገዛሁ፣ ትንሹን ጠባቡን ነው፣ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ችግሩ ሃርድ ዲስኩ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ የአንድ ሰርግ ፎቶ እስኪከፈት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ኤም ቱ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት፣ ገዝቶ ላከልኝ፣ ከመግዛቱ በፊት ደግሞ 7010 ይቀበላል ወይ ብሎ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ይቀበላል የሚል አግኝቷል። አሁን ብከፍተው የሚሰካበት ቦታ የለም። አንዱ ጥገና ቤት ባዮሱ አፕዴት ይደረግ አለኝ፣ ሌላው ቦርዱ ተቀይሮብሻል አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ ቦርድሽ (ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) አልተቀየረም፣ ወንድምሽም ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ዴል 7010 የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 2012 የወጣው ነው፣ እኛ አገር ባገለገለ ዕቃ ገበያ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ከዛ በ2023 ደግሞ ሌላ አዲስ ኮምፒውተር አወጡና እሱንም ኦፕቲፕሌክስ 7010 አሉት። አዲሱ ኤም ቱ የሚባለው፣ ቀጭን ዲስክ ቦርዱ ላይ ተኝቶ የሚሰካበት መሰኪያ አለው፣ የድሮው የለውም፣ በቃ። ወንድምሽ የአዲሱን መረጃ አንብቦ ነው የገዛው። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዪ፣ አይ 5 ካለ በኋላ 3470 ዓይነት ባለ አራት አሃዝ በ3 የሚጀምር ከሆነ ሦስተኛ ጀነሬሽን ነው፣ የ2012ቱ ነው ማለት ነው። የ2023ቱ ላይ ቁጥሩ አምስት አሃዝ ነው፣ በ12 ወይም በ13 ይጀምራል።

ባዮስ አፕዴት ያሉሽን ነገር እርሺው። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር ነው፣ ቦርዱ ላይ ያልተበየደ መሰኪያ ሊፈጥርልሽ አይችልም፣ እንደውም አፕዴቱ መሀል መብራት ቢሄድ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም ሊልሽ ይችላል።

ይሄን ጥያቄ ረዘም አድርጌ የምመልሰው ተመሳሳይ ደብዳቤ ብዙ ስለሚደርሰኝና ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ከገዛ በኋላ ሲያዝን ማየት ስለሚከብደኝ ነው። ዲስክ ከመግዛት በፊት ማዘርቦርዱ ምን ምን መሰኪያ እንዳለው ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሻጭ ይቀበላል ቢል፣ ጓደኛ ይቀበላል ቢል፣ ቦርዱን ራሳችሁ እስክታዩ ድረስ ብር አታውጡ።

መጀመሪያ የቦርዱን ወይም የኮምፒውተሩን ትክክለኛ ስም ማወቅ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰርች ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለሽ ክፈቺ፣ ሲስተም ሞዴል የሚልና ቤዝቦርድ ፕሮዳክት የሚል መስመር ታገኛለሽ። የተገጣጠመ ኮምፒውተር ከሆነ ቤዝቦርድ የሚለው የማዘርቦርዱን ስም ይሰጥሻል፣ ዴልና ኤችፒ ላይ ግን እዛ የሚመጣው ግራ የሚያጋባ ኮድ ስለሆነ ሲስተም ሞዴሉን ነው መያዝ፣ ዴል ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ሰርቪስ ታግ የሚባለው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ነው። እሱን የዴል ሳይት ላይ ስታስገቢ የራስሽኑ ማሽን ማኑዋል ያመጣልሻል እንጂ የስም ሞክሼውን አያመጣም። ወንድምሽ በሞዴል ስም ፈንታ በሰርቪስ ታግ ቢፈልግ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማየት ነው፣ ምንም ሳትነኪ ማየት ብቻ። ዴል ሲነሳ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1፣ የተገጣጠሙት ብዙዎቹ ዲሊት ነው። እዛ ውስጥ ሳታ የሚባሉትን የተለመዱ የዲስክ መሰኪያዎች ሳታ 0፣ ሳታ 1፣ ሳታ 2 እያለ ይዘረዝራል፣ ባዶ የሆነውንም ባዶ ብሎ ያሳያል፣ ኤም ቱ ያላቸው የዴል ማሽኖች ላይ ደግሞ ኤም ቱ የሚል መስመር ለብቻው ይመጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀር ከፍቶ የሚፈልግ ሰው አጋጥሞኛል፣ እሱ የተሰካውን እንጂ ባዶውን መሰኪያ ስለማያሳይ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም።

ሦስተኛውና እኔ የማምነው መክፈት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ ከዛ ማብሪያውን አንዴ ተጭነሽ ያዢው የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ፣ ቀጥሎ የሳጥኑን ብረት በእጅሽ ነክተሽ ስሪ። ሳታ ማለት ትንሽ ጠባብ መሰኪያ ነው፣ ውስጡ የላቲኑን ኤል ፊደል የመሰለ ቅርጽ አለው፣ አጠገቡ ሳታ 0፣ ሳታ 1 ተብሎ ቦርዱ ላይ ታትሟል። የአንቺ ማሽን ላይ 0 እና 1 የተባሉት ፈጣኖቹ ናቸው፣ በሰከንድ 6 ጊጋቢት፣ ሌሎቹ 3 ጊጋቢት ናቸው፣ ስለዚህ ኤስኤስዲ ስትሰኪ 0 ላይ ወይም 1 ላይ አድርጊው። ቀለሙን አትከተዪ፣ ከካምፓኒ ካምፓኒ ይለያያል፣ ጽሑፉን አንብቢ። ኤም ቱ ደግሞ ቦርዱ ላይ ተኝቶ የሚሰካ፣ 22 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን አፍ ነው፣ ፊት ለፊቱ ለብሎን የሚሆን ቀዳዳ አለ፣ ብዙ ጊዜ 2242፣ 2260፣ 2280 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል፣ 22 ስፋቱ ነው የቀረው ርዝመቱ በሚሊሜትር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ዋይፋይ ካርድ የሚሰካበት አጭር መሰኪያም ኤም ቱ ነው የሚባለው፣ እሱ ግን ለዲስክ አይሆንም፣ ጥርሱ ራሱ አይገጥምም፣ በግድ ለመክተት አትሞክሪ።

ሌላው ሰው የሚረሳው የፓወር ገመድ ነው። ሳታ ፖርት ባዶ ኖሮ የፓወር ገመድ ከሌለ ዲስኩ አይሠራም። አንዳንድ የኤችፒ ኮምፒውተሮች ደግሞ የዲስክ ፓወር የሚወጣው ከፓወር ሳፕላዩ ሳይሆን ከቦርዱ ነው፣ የራሱ ልዩ ገመድ አለው፣ እሱን አብሮ ሳይቀበሉ መግዛት በኋላ ያስቸግራል።

እና አፉ ኤም ቱ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ኤም ቱ ይሠራል ማለት አይደለም። ኤም ቱ ቅርጽ ነው፣ በውስጡ የሚሄደው፣ ማለትም ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ግን ሳታ ሊሆን ይችላል ወይም ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለእህቴ ላፕቶፕ የሚሰካው ጫፉ ሁለት ቦታ የተሸረፈ ኤም ቱ ገዝቼ፣ በደንብ ገባ፣ በብሎን አሰርኩት፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ አላየውም፣ ለምን ቢባል ዲስኩ ሳታ ነበር መሰኪያው ደግሞ ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው የሚቀበለው። የዛን ጊዜ 256 ጊጋ ውድ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ቦታ ብቻ የተሸረፈው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ሁለት ቦታ የተሸረፈው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምለው ሁልጊዜ ስላልሆነ ነው፣ የዲስኩን ስቲከር ማንበብና የቦርዱን ማኑዋል ማየት የግድ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ዲስኩ እጅሽ ላይ ነው። መለወጥ ከቻልሽ በሳታ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ለውጪው፣ ለአንቺ ሥራ በቂ ነው። ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት የሚያነብ አለ፣ ሳታ ከ550 ገደማ አያልፍም፣ ቁጥሩ ሲታይ ያሳሳል፣ ነገር ግን አንቺን እያሰቃየ ያለው ሃርድ ዲስኩ እያንዳንዷን ፋይል ለመፈለግ መርፌውን ወዲያ ወዲህ የሚያመላልስበት ጊዜ ነው፣ በአማካይ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ለአንዷ ፍለጋ፣ ብዙ መቶ ፎቶ ላይ ሲደመር አስቢው። ማንኛውም ኤስኤስዲ ይሄን ያጠፋልሻል።

መለወጥ ካልተቻለ ኤንቪኤምኢን ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (እንደ ግራፊክስ ካርድ ያሉ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩበት ስሎት) የሚቀይር አዳፕተር ካርድ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ማሽንሽ ጠባብ ስለሆነ አጭሩን ብረት ያለውን ነው የምትጠይቂው። ግራፊክስ ካርድ ካልገባበት ረጅሙ ዋናው ስሎት ላይ ሰኪው። ዊንዶውስ ያየዋል፣ ፎቶሽን እዛ ላይ አድርገሽ መሥራት ትችያለሽ፣ ግን የ2012ቱ 7010 ባዮስ ከኤንቪኤምኢ አይነሳም፣ ስለዚህ ዊንዶውሱ ሳታ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ፣ ገበያ ላይ ኤም ቱን ወደ 2.5 ኢንች ሳታ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይሸጣሉ፣ እሱ የሚቀበለው ሳታ የሆነውን ኤም ቱ ብቻ ነው፣ የአንቺን ኤንቪኤምኢ አይቀበልም፣ ይሠራል ቢሉሽም አትግዢ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ልጄ የሰጠችኝ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 3 ላፕቶፕ አለኝ፣ ውስጡ ያለው ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። ያሉኝን ጽሑፎች ሳላጠፋ ማፍጠን ይቻላል? ሃርድ ዲስኩ ይውጣ ነው የሚሉኝ፣ እኔ ግን ማውጣት አልፈልግም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማውጣት አያስፈልግዎትም። 840 ጂ 3 ሁለቱንም ይይዛል፣ የ2.5 ኢንች ቦታ አለው፣ እሱ ላይ አሁን ሃርድ ዲስክዎ ተቀምጧል፣ ከዛ ውጭ የ2280 ኤም ቱ መሰኪያ አለው፣ ኤንቪኤምኢም ሳታም ይቀበላል። ስለዚህ 256 ጊጋ የሆነ ኤም ቱ ይግዙና ዊንዶውሱ እዛ ላይ ይጫን፣ ጽሑፎችዎ ባሉበት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቆዩ። መጀመሪያ ግን ጽሑፎቹን ፍላሽ ላይ ይገልብጧቸው፣ ይሄን ሳያደርጉ ማንም እንዳይነካው። ሲከፈት የባትሪው ገመድ ቀድሞ ይነቀል፣ ባለሙያው ካላደረገው እርስዎ ይጠይቁት። ደግሞ ከፊቱ የነበሩት ጂ 1 እና ጂ 2 ላይ መሰኪያው አጭሩ 2242 ነው፣ የሚቀበለውም ሳታ ነው፣ ስለዚህ ሲገዙ 840 ብቻ አይበሉ፣ ጂ 3 ብለው ይጥሩት፣ ከተቻለ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የአዳማ ተማሪ ነኝ፣ ኮምፒውተሬን ራሴ ነው የገጣጠምኩት። ትናንት ሁለተኛ ኤም ቱ ኤስኤስዲ ጨመርኩ፣ እሱ በደንብ ይሠራል ግን ድሮ የነበረው 2 ቴራ ሃርድ ዲስኬ ጠፋ፣ ባዮስም አያየውም። ተቃጠለ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊሆን የሚችለው ብዙ ነገር ነው ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው መቃጠልን አይደለም። ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት (መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድረው ቺፕ) የሚያወጣው መስመር ውስን ነው፣ ስለዚህ ብዙ ቦርዶች ላይ አንዱ የኤም ቱ መሰኪያና አንድ ወይም ሁለት ሳታ ፖርቶች አንድ መስመር ነው የሚጋሩት፣ ኤም ቱው ሲያዝ ፖርቱ ይዘጋል። ይሄ ማኑዋሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፣ የቦርድህን ስም አስገብተህ ማኑዋሉን አውርድና ሳታ የሚለውን ክፍል እይ፣ የትኛው ኤም ቱ ሲሰካ የትኛው ፖርት እንደሚዘጋ በሠንጠረዥ ታገኘዋለህ። ከዛ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ የሃርድ ዲስኩን የሳታ ገመድ ወደማይጋራው ፖርት አዙረው። ከተነሳ በኋላ ዊንዶውስ ይሄን ዲስክ ኢኒሻላይዝ ላድርግ ወይም ፎርማት ላድርግ ብሎ ከጠየቀህ ካንስል በለው፣ ውስጡ ያለው ፋይል እንዳይጠፋብህ፣ ከዛ ባዮስ የሚያሳየውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።